የበሰለ ሰው፣ ጥሬ ሥጋ

አማርኛችን መቼም እሳት ይወዳል። አስተዋይ ሰው ስናገኝ «የበሰለ ሰው ነው» እንላለን። ያልተጠና ሐሳብ ሲቀርብልን «ገና ጥሬ ነው» ብለን እንመልሰዋለን። ዕቅድ ይበስላል፣ ነገር ይበስላል፣ ሰውም በመከራ ይበስላል። ሁሉ ነገር እንዲበስልልን የምንፈልገው እኛ ታዲያ ሥጋው ላይ ስንደርስ ሐሳባችንን እንቀይራለን። ቢላዋው በእጅ፣ አዋዜው በሳህን... እሳት ምን ያደርግልናል?

እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝ። ሥጋ ቤት በር ላይ የተሰቀለ ሻኛ ሳይ የጀመርኩት ወሬ ይጠፋብኛል። ስለዚህ የዛሬውን ጨዋታ ቁርጥ የማይወድ ሰው ስለ ቁርጥ የጻፈው አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነው። ታናሽ እኅቴ ከዋሽንግተን መጣች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን። ገና ሻንጣዋ ሳይከፈት፣ «እኔ ለምግብ አትቸገሩ፤ ጥሬ ነገር ብቻ ነው የምበላው» አለች። አባታችን ፊታቸው በራ።

«ይኼማ ምን ችግር አለው! ፋሲካ ይድረስ እንጂ!»

«አይ አባዬ፣ ሥጋ አይደለም። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ የበቀለ ምስር፣ ለውዝ... እሳት የነካው ነገር አልበላም።»

«እንጀራስ?»

«እንጀራም እኮ የተጋገረ ነው አባዬ።»

አባታችን ወደኔ ዞር ብለው አዩኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ብዙ ዓይተዋል፤ እንጀራ የሚከሰስበትን ቀን ግን አያለሁ ብለው አልጠበቁም። ሕማማት ስለነበር ነገሩ ብዙም አልጎላም። እኛ ሽሯችንን፣ እሷ ሰላጣና ቲማቲሟን ይዘን ሰነበትን።

የፋሲካ ዕለት ግን ጎላ። ከጎረቤቶች ጋር ቅርጫ ገብተን ነበር። አባታችን ከደረሳቸው መደብ ሻኛውን መርጠው፣ ከምኑም ከምኑም ቆረጥ አድርገው፣ አዋዜ አስነክተው፣ በእንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ የኔ ልጅ፤ ይኼ ላንቺ አይደለም፤ በሆድሽ ላለው ነው» አሉ።

«አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልችልም።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ። በኛ ቤት የአባት ጉርሻ ተመልሶ አያውቅም። ቀስ ብለው ራሳቸው ጎረሱት፤ ቢላዋውን አስቀመጡ፤ ያን ቀን ደግመው አላነሱትም። ያ ሁሉ ሥጋ ተሰቅሎ ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ።

ማታ እኅቴን ለመውቀስ ገባሁ። «አንዲት ጉርሻ ምን ትገልሽ ነበር?» ስላት አለቀሰች። «ወንድምዬ፣ እማዬ በስኳር እንዴት እንደሞተች ረሳኸው? እኔም ስኳርሽ ከፍ እያለ ነው ተብዬ ነበር። ይኼን ምግብ ስጀምር ስምንት ኪሎ ቀነስኩ፣ ስኳሬም ወረደ። ልጄን ሳላሳድግ መሞት አልፈልግም» አለችኝ። ይኼን ሰምቶ ምን ይባላል? ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር የሚያዙትን ቫይታሚን እንኳ «የፋብሪካ ነው» ብላ እንደተወችው የነገረችኝ ያኔ ነው። ዝም ብዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ እኅቴን ሆዷን ቆረጣት፤ ተቅማጡም ከለከላት። ክሊኒክ ወሰድኳት። እንግዲህ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ እኔም ለሰው የማይነገር ጉዳይ ነበረኝ። ካጾመ ሰው የማይጠበቅ የሆድ መረበሽ፣ ከዚያም ያው ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የምትንቀሳቀስ ነገር... የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «እግረ መንገዴን» ብዬ እኔም ካርድ አወጣሁ።

ውጤቱ መጣ። እሷ ጃርዲያ፣ እኔ ኮሶ! እሷ ደም ማነስም ተጨመረላት። እኔ 55 ቀን ስጾም እሱ ለካ ሳይጾም ከርሟል። አትክልት ብቻ የምትበላውና ሥጋ የሚወደው፣ ሁለት ጥሬ በላተኞች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሳቃችን መጣ፤ ሳቅን።

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። አስቀምጣ ለሁለታችንም የየድርሻችንን ነገረችን። እኔም ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ጨምሬ ሒሳቡን እንዲህ ልሥራው።

መጀመሪያ ለጥሬው ፍርድ እንስጠው። እኅቴ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ጎመን ቀቅለን፣ ውሃውን ጨምቀን ስንደፋ ቫይታሚን ሲውንና ለነፍሰ ጡር በጣም የሚያስፈልገውን ፎሌት አብረን እየደፋን ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ያበዛ፣ ዘይትና ስኳር የቀነሰ ሰው ክብደቱ ቢወርድ፣ ስኳሩም ቢስተካከል አይገርምም። ግን የጠቀማት መቀነሱና መምረጡ እንጂ እሳት መጥፋቱ አይደለም። እንዲያውም ካሮትና ቲማቲም ውስጥ ያሉት ቀያይ ንጥረ ነገሮች ሲበስሉ ነው ለሰውነታችን ይበልጥ የሚመቹት። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላልና በዓሣ እንጂ በአትክልት አይገኝም። እሱ ያነሳት እናት የሚጎዳው ራሷን ብቻ ሳይሆን የፅንሱን አንጎልና ነርቭም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ የጀርመን ጥናት ለረጅም ጊዜ ጥሬ ምግብ ሲበሉ የኖሩ ሰዎችን ጠይቆ፣ ከ45 ዓመት በታች ከነበሩት ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው እንደተዛባ ወይም ጨርሶ እንደቆመ አግኝቷል። ሰውነት ስንቁ ሲያንሰው መጀመሪያ የሚዘጋው የልጅን በር ነው ማለት ነው።

አባታችንስ? እሳቸውም ግማሹን አውቀዋል። የሆዷ ልጅ የሚፈልገው ብረትና ቢ12 ያ ሥጋ ውስጥ ነበረ። ግን ሥጋው ቢበስልም ብረቱ የትም አይሄድ፤ ቢ12ውም አብዛኛው አይጠፋም። ጥሬው የሚያተርፈው ጥቂት ቫይታሚንና... እውነቱን እንናገር ካልን ጣዕሙን ነው። ጣዕም ቀላል ነገር ነው አላልኩም!

በሌላው ሚዛን ላይ ያለው ግን ይከብዳል። ኮሶ አለ። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ደግሞ አለ፤ በጥሬ ሥጋም፣ ድመት ባቆሸሸው አፈር ላይ በበቀለና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም ይገባል። ብዙውን ሰው ሳይሰማው ያልፈዋል። እናቲቱን በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ግን ወደ ፅንሱ ሊሻገርና ዓይኑን ወይም አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። «አምሯታልና ትብላ፣ አለዚያ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» የምትሉ ጎረቤቶች፣ ምልክቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ልብ በሉ።

ኮሶን እንደ በሬው ኃጢአት ነው የምናየው። ኮሶ ግን ከበሬው አይጀምርም፤ ከኛ ይጀምራል። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል። በሬው ሣሩን ይግጣል። በሥጋው ውስጥ የአተር ፍሬ የምታህል ከረጢት ትሆናለች። እኛ እሷን በሚጥሚጣ እናጣጥማታለን፤ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚረዝም ትል ትሆናለች። ሚጥሚጣው አይገላትም፣ ሎሚው አይገላትም፣ አረቄውም አይገላትም። ቄራ የሚመረምር ባለሙያ ሥጋውን እዚህም እዚያም ሰንጥቆ ያያል፤ ጥቂት ከሆነች ታመልጠዋለች። የጓሮ ቅርጫ ደግሞ ማንም አያየውም።

የሰላጣውም ታሪክ ያው ነው። የከተማው ፍሳሽ በሚገባባቸው በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ ለብዙ ዓመታት ሰላጣና ቆስጣ ሲመረት ኖሯል። ተመልከቱ እንግዲህ፣ የኔ ሥጋና የእኅቴ ሰላጣ በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ተገናኙ፤ መጸዳጃ ቤት ያልተሠራበት ቦታ። ጥሬ መብላት መጸዳጃውን ሠርቶ ለጨረሰ አገር የሚገባ ቅንጦት ነው።

ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ ሲበሉ እንዳየ ቢጽፍ ብዙ የለንደን ሰዎች ውሸታም አሉት። የኮሶን ዛፍም በዚያው መጽሐፍ ገልጾታል። ጣጣውና መድኃኒቱ ያኔም አብረው ነበሩ።

ቤት ስንመለስ ሁሉንም ለአባታችን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «አያታችሁ በየሁለት ወሩ ኮሷን እየጠጣች ዘጠና ዓመት ኖራለች» አሉ።

እውነት ነው። አያቴ የኮሶ ቀን ከሰው አትነጋገርም ነበር፤ ፊቷን አጨፍግጋ ጨለጥ ታደርገዋለች። «እንደ ኮሶ መረረ» የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም፤ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። እኔ አንድ ጊዜ በሚዋጥ ክኒን ነው የተገላገልኩት።

«እርጉዝ ሆናስ ትጠጣ ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ! እርጉዝ ኮሶ አይነካትም፤ ያስወርዳታል» አሉ ፈጠን ብለው። ከዚያ ዝም አሉ። የሆነ ነገር ሲያወጡና ሲያወርዱ አየኋቸው። ቆየት ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «መድኃኒቱን የማትጠጣ ሰው በሽታውን ለምን ትጎርሳለች...» አሉ።

ተነሡ። ከሰል አያያዙ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሥጋውን ከትፈው ብረት ምጣዱ ላይ ጣሉት። እንደልማዳቸው «ለብ ይበልና ይውጣ» አላሉም፤ ጠበቁ። አንዷን ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቀው መካከሏን ብርሃን ላይ አዩ። ቀይ የለም። በእንጀራ ጠቀለሉና እጃቸውን ዘረጉ።

እኅቴ እጃቸውን አየች። በሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የተዘረጋው። እሳትም የነካው፣ ሥጋም ነው፤ ሁለቱንም ትታ ነበር። ቀረብ ብላ አፏን ከፈተች።

«በሰለ?» አሏት።

«በስሏል አባዬ» አለች፤ እያኘከች፣ እንባዋ እየወረደ። አባታችን ጉርሻ አንድ ሲሆን ያጣላል ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

እሷም ከዚያ በኋላ አትክልቷን አልተወችም፤ በደንብ እያጠበች ትበላለች፤ ግማሹን ደግሞ ታበስለዋለች። ቫይታሚኗን ጀመረች። ነሐሴ ላይ ጤነኛ ሴት ልጅ ወለደች።

እኔስ? ቁርጥ ተውኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ማኅተም የሌለበት ሥጋ አልገዛም። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን የቆየ ሥጋ የኮሶው ከረጢት እንደሚሞትበት ካወቅሁ ወዲህም በረዶ ቤት አስተኝቼ ነው የምበላው። አባታችን ይኼን ሲሰሙ በጣም ሳቁብኝ። «አሥር ቀን በረዶ ላይ ያደረ ሥጋ ቁርጥ ይባላል? ቀብር ነው እንጂ!» አሉ።

ይበሉ ግድ የለም። ለልጅ ልጃቸው ግን እስከዛሬ ያልበሰለ ሥጋ አጉርሰዋት አያውቁም።