አስተርጓሚ ልጆችና ዝም ያሉ ወላጆች

በግንቦት 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) አዲስ አበባ በተጨነቀችባቸው ቀናት፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን (ኢትዮጵያውያን አይሁዶች) በአውሮፕላን ተጭነው እስራኤል ገቡ። ይህ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ በየቤቱ የሆነው ግን እምብዛም አይነሳም። በጥቂት ወራት ውስጥ የቤቱ አዋቂ ልጁ ሆነ።

በጎንደር ገጠር አባት ሲናገር ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጋብቻና ፍቺ፣ ጾምና በዓል በቄሶች ቃል ይጸናል። እስራኤል ሲደረስ ዕብራይስጡን ቶሎ የያዘው ልጁ ነው። የባንኩ ወረቀት፣ የቤት ውሉ፣ የመብራት ሂሳቡ፣ ከትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤ ሁሉ በእሱ አፍ ያልፋል። ሐኪም ቤት ደግሞ ይብሳል። እናት የሴት ሕመሟን በወንድ ልጇ በኩል ለሐኪም ስታስረዳ ነውሩ ለሁለቱም ነው። እሷ ግማሹን ትውጠዋለች፤ እሱም ከሰማው ግማሹን ይተወዋል፤ ሐኪሙ የሚያገኘው የተራረፈውን ነው። እንዲህ ያለ ሸክም ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከባድ ነው፤ የእናትንም ክብር ይጎዳል።

ታላቅን ዓይን ለዓይን አለማየት በሀገር ቤት ጨዋነት ነበር፤ በእስራኤል ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ልጁን ፈሪ ወይም ያልገባው አድርጎ ሊያየው ይችላል። ቀና ብሎ መናገርን ትምህርት ቤት ተምሮ ቤት ሲያመጣው ደግሞ «ባለጌ» ይባላል። ብዙ ታዳጊዎች አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቤታቸውን የሚያዩት አልፎ አልፎ ነበር። ብዙዎቹም ገና እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ስለተሰጣቸው፣ ወላጅ ያወጣው ስም ከመዝገብ ላይ ቀረ። የቄሶቹም ሥልጣን ተነካ፤ በሀገሪቱ ሕግ የአይሁድ ጋብቻ የሚጸናው በረቢዎች ጽሕፈት ቤት ነውና።

ስለዚህ «ወጣቱ ባህሉን ጣለ» የሚለው ወቀሳ ፍርደ ገምድል ነው። ወጣቱ ያለ ዕድሜው የቤተሰቡን ጉዳይ ተሸክሟል።

በሌላው ወገን የሚሰማው «ወላጆቻችን ዝም ብለው ተቀበሉ» የሚለውም እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ፖሊስ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበድብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ወጣቶች ቴል አቪቭ ላይ አደባባይ ሲወጡ፣ ዝም የማይል ትውልድ ገና አሁን የመጣ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የረቢዎች ጽሕፈት ቤት የቤተ እስራኤላውያንን አይሁድነት ተጠራጥሮ ከጋብቻ በፊት የተለየ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ሲጠይቃቸው፣ ቀድመው የገቡ አባቶችና እናቶች ኢየሩሳሌም ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ሰፍረው ተቃውመዋል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ታጋይ ትውልድ እየኖረ አንዱ የሌላውን አለማወቁ ያሳዝናል።

ከሁሉ የከፋው ዝምታ የሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው ዘመቻ ሙሴ ከመጀመሩ በፊትም ሆነ በኋላ ሺዎች ከጎንደርና ከትግራይ ሌሊት ሌሊት በእግር ተጉዘው እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ከርመዋል። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። እዚያ ማንነትን መደበቅ የሕይወት ጉዳይ ስለነበር ዝምታው ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ሐዘኑም ጨመረበት። ልጆቻቸው ስለ አብራሪዎችና ስለ ስለላ ሰዎች ጀግንነት እየሰሙ ሲያድጉ፣ እናቱን አዝሎ በረሃ ያቋረጠው የገዛ አባታቸው ከታሪኩ ውጭ ነበር።

ደግነቱ በሩ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በመንገድ ለቀሩት ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት የቤተ እስራኤልን በዓል ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ አጸደቀው። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ ቄሶቹ በጥላቸው ሥር ሆነው በግዕዝ ሲያነቡ ተማሪውም ወታደሩም ይሰበሰባል። ጋብቻ ሲታሰብም ብዙ ወጣቶች ወደ አያቶቻቸው ይመለሳሉ፤ ሰባት ቤት ቆጥሮ «ዘመድ ናችሁ፣ አትጋቡ» ወይም «ይሁን» የሚል ሌላ ሰው የለምና። ያን ጊዜ የሚጠይቀው ወጣቱ፣ የሚያውቀው ሽማግሌው ነው። በልጁ አፍ ሲነገርለት የኖረ አባት በገዛ አፉ ይናገራል። ከየትኛውም ምክር ይልቅ የትውልዱን ርቀት የሚያጠበው ይህ ነው።

በሱዳን በኩል የመጡ ጎልማሶች ዛሬ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። እነዚህን ሰዎች በቤታችሁ ያላችሁ፣ በመጪው ሰንበት ጠጋ ብላችሁ ከየት መንደር እንደተነሱ፣ ከማን ጋር እንደወጡ፣ ማንን መንገድ ላይ እንደቀበሩ ጠይቋቸው፤ ከፈቀዱም ድምፃቸውን ቅዱ። አማርኛችሁ ቢሰበርም አትፈሩ፤ እነሱ ይታገሷችኋል።