ስለ ሥራ ፍጻሜ

በእጁ ሥራ የሚጠበብ ሰው ኹሉ ሁለት ፈተና አለበት፤ አንደኛው መጀመር፥ ሁለተኛውም «ይበቃል» ማለት ነው። ሳሪስ አቦ ባለው ቤታችን እናቴ ለእኅቴ ሠርግ መሶብ ስትሰፋ፥ የአለላው ቀለም አልተስማማም እያለች ማታ ማታ ትተረትረው ነበር። ሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ታሪክ አነበብሁላት። አለቃ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሲያርሙና ሲያበጁ ኖረው፥ ሳይታተም ዐረፉ፤ በአደራ የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት።

እናቴም፦ «እርሳቸውስ ደቀ መዝሙር ነበራቸው፤ የኔን ማን ይጨርስልኛል?» አለች። ከዚያች ሌሊት ወዲህ አልተረተረችም። መሶቡም ጥቂት ዘመም ብሎ ለሠርጉ ደረሰ።

ወጣቶች ሆይ፥ ነውር ያለበት መሶብ እንጀራ ይይዛል፤ ያልተፈጸመው ግን ገና ስንደዶ ነው።