መብራት ቢጠፋም ስፒናው ይነቀል

አንባቢዬ ሆይ! በግቢህ የመጋዝ መኪና ወይም ግራይንደር ካለ፣ ይህችን አጭር ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ እንድታነብልኝ እለምንሃለሁ።

እኔ በባቲ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሚውል፣ የሰፈራችን አናጢዎች እሑድን በጥድፊያ ያሳልፉታል። ከአባቱ ጋር የሚሠራ አንድ ተማሪ አለኝ። መብራት ጠፍቶ ሳለ በመጋዙ ጥርስ ውስጥ የተወሸቀ ስንጣሪ በጣቱ ሲያወጣ አየሁና፣ «ስፒናውን ነቅለሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «መምህር፣ መብራት የለም እኮ! ምን ያስፈራል?» አለኝ።

የብዙዎቻችን መልስ ይኸው ነው። ነገር ግን ማብሪያው እንደ በራ ከቀረ፣ መብራት በተመለሰ ጊዜ መኪናው ማንንም ሳያስፈቅድ ይነሣል። የመጋዝ ጥርስ ደግሞ ጣትን ከእንጨት አይለይም።

ማብሪያውን ማጥፋትስ አይበቃምን? አይበቃም። ወደ ቤታችን የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን በሁለት ሽቦ ይመላለሳል፤ ተራ ማብሪያ የሚቆርጠው ግን አንዱን ብቻ ነው። ባለ ሁለት እግር ስፒና ተገልብጦም ስለሚሰካ፣ የተቆረጠው ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው ቢቆምም ኃይሉ እስከ ሞተሩ ድረስ ገብቶ ይጠብቃል።

እንግዲህ ጥርሱን ከመንካትህ በፊት ማብሪያውን አጥፋ፤ ስፒናውን ንቀል፤ የነቀልኸውንም ከዓይንህ አታርቀው። ጥርሱ መዞሩን እስኪያቆም ታገሥ። መኪናው ስፒና ከሌለው ብሬከሩን አውርደህ ሳጥኑን ቈልፍ፤ ቍልፉም በኪስህ ይሁን፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያነሣው ነው። ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለት የ380 ቮልት መኪና ከሆነ፣ አንድ ፊውዝ መንቀል ዋጋ የለውም፤ ሦስቱም መቆረጥ አለባቸው። ሽቦ የምትነካ ከሆነ ቴስተሩን አስቀድመህ ኃይል ባለበት ሶኬት ፈትነው። መብራት በሌለበት ሰዓት ግን ቴስተር ምስክር ሊሆንህ አይችልም።

አዲስ መኪና የምትገዛም ብትሆን፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚወድቅና እንደገና ካልተጫኑት የማይነሣ ማብሪያ ያለው መሆኑን ጠይቅ።

አንተ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብትሆን፣ ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቦችህ ስትሄድ፣ ሠላሳ ዓመት በሙያው የቆየ አባትህን መምከር ድፍረት ይመስልህ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አትምከር፤ እርሱ ወደ ጥርሱ ጐንበስ ሲል ዝም ብለህ ስፒናውን ንቀልለት።