ድንጋይ የምትማር ልጅ አለችን



የእኛ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው፤ ሮብ ገበያ ትባላለች። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ ደጋ ናት። ሳምንታችን የሚቆጠረው ከሮብ እስከ ሮብ ነው። ድንቹ፣ ገብሱና በጉ የሚወጣው፣ ዱቤ የወሰደ የሚከፍለው፣ የሩቅ ዘመድ ወሬ የሚሰማው በዚሁ ቀን ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሮብ ለቤታችን ሌላ ቁም ነገር ጨምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ክፍል የምትማረው ልጃችን፣ ሱቃችንን ዘግተን መግሪብ ከሰገድን በኋላ እየደወለች የክፍሏን የሳምንት ወሬ ትነግረናለች።

ደንበኞቻችን «ልጃችሁ ምን እየተማረች ነው?» ይሉናል። «ስለ ምድር፣ ስለ ድንጋይ» ስንላቸው ይስቃሉ። «ድንጋዩማ እዚሁ ሞልቶ የለም እንዴ! ለዚህ ብላ አዲስ አበባ ድረስ ምን አደከማት?» የሚለን ብዙ ነው። ሐኪም ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የምትሆን ልጅ ወላጇን መልስ አታሳጣም፤ ድንጋይ የምትማር ልጅ ግን ታስጠይቃለች። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳን አንዱ ምክንያት ይኸው ጥያቄ ነው። ሌላው በዚህ ዓመት ቤተሰባችን ተቀምጦ ሊመክርበት ግድ የሆነበት ጉዳይ ነው፤ እሱን ከታች እናነሳዋለን።

ሳምንታቸው ምን ይመስላል?

ከእሷ እንደምንሰማው ሳምንታቸው በሥራ የተሞላ ነው። ክፍል ውስጥ ይማራሉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ድንጋይ ይመረምራሉ፤ አልፎ አልፎም መዶሻ፣ ኮምፓስና ማጉያ መነጽር ይዘው ሜዳ ይወጣሉ። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ ቀን ሴሚናር አለ። ከመምህራን ወይም ከከፍተኛ ተማሪዎች አንዱ የደረሰበትን ያቀርባል፤ ሌላው ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ተማሪ መምህሩን በአደብ ሲሞግት፣ መምህሩም በደስታ ሲመልስ ማየት ለልጃችን ትልቅ ትምህርት ሆኖላታል።

አንድ ክረምት ለዕረፍት መጥታ ስትመለስ ከአጥራችን ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስታ በሻንጣዋ ከተተች። የቆሎውን ቦታ ድንጋይ ያዘው ብለን ተቆጣናት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሮብ ወሬዋ ስለዚያው ድንጋይ ሆነ። ድንጋዩ በመጋዝ ተቆርጦ፣ በመስተዋት ላይ ተለጥፎ፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ ይፋቃል፤ ከሰው ጠጉር የሳሳ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥቁሩ ድንጋይ ብርሃን ያስተላልፋል። ለዚሁ በተሠራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ ያምራል። ፎቶግራፉን ስትልክልን «ይህ የእኛ አጥር ነው?» ተባባልን።

የእግራችን ሥር ታሪክ

ድንጋዩ ባዛልት ይባላል። ቀዝቅዞ የጠጠረ ላቫ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጮቄ ራሱ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነደደ፣ ዛሬ የጠፋ እሳተ ገሞራ መሆኑን የሰማነው በዚህ ምክንያት ነው። ላቫው ቀጭን ስለነበረ በምጣድ ላይ እንደሚፈስ የእንጀራ ሊጥ እየተንጣለለ ሄዷል። ለዚህም ነው ጮቄ እንደ ሹል ጦር ሳይሆን እንደ ተደፋ ጋሻ ተዘርግቶ የሚታየው። ከሥሩ ያለው የደጋው ባዛልት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ልጃችን ይህን ስትነግረን መጀመሪያ የጠየቅናት «ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» ብለን ነበር። መልሷ ስለ ውኃ ነበር። ላቫው በየጊዜው እየፈሰሰ በድርብርብ የተነጠፈ ነው። በአንዱና በሌላው ንጣፍ መካከል አንዳንድ ቦታ ቀይ ሸክላማ አፈር ተቀብሯል። የዝናቡ ውኃ በተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ ወርዶ ሸክላው ሲያግደው ወደ ጎን ሄዶ በተዳፋቱ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ከፍታ ላይ ተሰልፈው የሚወጡ ምንጮች ምክንያታቸው ይህ ነው። ጨሞጋን፣ ሙጋንና ሱሃን የመሳሰሉት ወንዞች የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ነው። ላዩ ሲራቆትና ውኃው ሳይሰርግ እየጎረፈ ሲወርድ ግን በበጋ ምንጩ ይመነምናል። ሽማግሌዎቻችን በልምድ የሚያውቁትን የልጅቱ ትምህርት በምክንያት አስደገፈው።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። እኛም አውቶቡሱ ከደጀን ወደ ታች ሲጠማዘዝ ዓይናችንን ጨፍነን ዱዓ ከማድረግ በቀር ሌላ ነገር አላየንም ነበር። ለእነሱ ግን ያ ገደል የተከፈተ መጽሐፍ ነው። ከታች አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የጀሶ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ እንደገና አሸዋ ድንጋይ፣ ከላይ ባዛልት ተደርድሯል። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር እንስሳት ዛጎል ይገኛል፤ አገሩ አንድ ዘመን በባሕር ተሸፍኖ ነበርና። በረድፍ ቆመው ከድንጋዩ ላይ ጥቂት አሲድ ጠብ ሲያደርጉ ኖራው ይፍለቀለቃል፤ መለያው ይህ ነው። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒም በየብስ ላይ የሚገኙ ዛጎሎችን አስተውሎ ቦታው ቀድሞ ባሕር እንደነበረ ጽፏል። ይህ ዕውቀት ለእኛ ልጆች ባዳ አይደለም ማለት ነው።

የኖራው ጉዳይ ለገበሬያችንም ይጠቅማል። ዝናብ የሚበዛበት የደጋ አፈር ውሎ አድሮ ኮምጣጣ ይሆናል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ሰብሉ አይበረታም። ተፈጭቶ የተበተነ የኖራ ድንጋይ ኮምጣጣነቱን ያበርደዋል። መድኃኒቱ ከታች ገደሉ ውስጥ፣ በሽታው ከላይ ማሳው ላይ መሆኑ ያስደንቃል።

አንድ ሴሚናር ያተረፈልን

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችንም እናስታውሳለን። በከባድ ዝናብ የራሰው ተዳፋት ተንዶ ቤቶችን ቀበረ፤ ነፍስ ለማዳን የተሰበሰበውንም ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ደረሰበት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት በክፍላቸው ስለ መሬት መንሸራተት ሴሚናር ሲቀርብ ልጃችን የያዘችውን ማስታወሻ በስልክ አነበበችልን።

በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ ከተዳፋት ሥር ያለ የቤት ቦታ በርካሽ አምጥቶልን፣ ቀብድ ልንከፍል ቀን ቆርጠን ነበር። ልጃችን ከማስታወሻዋ እያነበበች ጠየቀችን፦ «አባዬ፣ ከተዳፋቱ አናት ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ስንጥቅ አለ? ዛፎቹ ዘመም ብለዋል? ምንጩ ደፍርሷል ወይስ ቦታ ለውጧል? የጎረቤት በር አልገጥም ብሏል?» ሄደን አየን። ስንጥቁም፣ ዘመም ያሉት ባሕር ዛፎችም ነበሩ። ቦታውን ተውነው። ከሥሩ ለሚኖሩት ጎረቤቶችም ነገርናቸው፤ ጎርፉ ወደ ስንጥቁ እንዳይገባ ከላይ ቦይ ቆፈሩ፤ የተዳፋቱን እግር እየቆረጡ አፈር መውሰዱንም አቆሙ። ዝናብ ቀናት ሲከታተልና ስንጥቁ ሲሰፋ ደግሞ ቤት ለቆ መውጣት እንጂ ማመንታት አያስፈልግም።

ምድር ስትንቀሳቀስ

አገራችን በዚህ ረገድ ብዙ አይታለች። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ አፈራርሷል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ የአፋሯ ሰርዶ ፈርሳ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እነዚህን የመዘገቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተመሠረተው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪና መሥራቹ ፒየር ጉዋን ናቸው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው ቦታ መሬት ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርዝመት ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር ስትከፈት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እነ ገዛኸኝ ይርጉና አታላይ አየለ ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሁኔታውን አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን አልጋዋ ሲወዛወዝ ነቃች። እኛ እዚህ እንቅልፍ አጣን። እሷ ግን የተማረችውን ነገረችን፦ ቀልጦ ከሥር የሚገፋ ዓለት መሬቱን እየሰነጠቀ መሆኑን፣ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወደ ደረጃ መሮጥ እንደማይገባ፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈን እንደሚሻል።

ከዚያ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በታሪክ ፈንድቶ ያልታወቀ ተራራ ነበር። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ዑማን፣ ከዚያም ሕንድ ድረስ ሄደ፤ አውሮፕላኖች በረራ ሰረዙ። በአፍዴራ በኩል ያሉ ወገኖቻችን መንደርና የከብቶቻቸው ግጦሽ አመድ ለበሰ። የዚያ ሳምንት ሮብ ልጃችን ድምፅዋ ከድካም የተነሣ ጎርንኖ ነበር። ክፍሉ በሙሉ የሳተላይት ራዳር ምስሎችን ሲያወዳድር ሰንብቷል። አንዱን ምስል ከሌላው ጋር በማስተያየት መሬቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ከፍና ዝቅ ማለቱን ማወቅ ይቻላል።

የቤተሰብ ምክር

ከዚህ በኋላ ነው ጉዳዩ የመጣው። ልጃችን ከመምህራኖቿና ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ለመስክ ጥናት አፋር መሄድ እንደሚገባት ነገረችን። ወደሚፈነዳው ተራራ አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆውን አለቶችና የጨው ሜዳውን ለማየት ነው። ቢሆንም አገሩ ሩቅ፣ ሙቀቱ ብርቱ፣ እሷም ሴት ልጅ ናት። ከፊላችን «ትቅር» አልን። ከፊላችን «ካልሄደች ትምህርቷ ጎደሎ ነው» አልን። ሁለት ሮብ አለፈ፤ ልጅቱ አልገፋችንም፣ ግን በስልክ ዝም ማለት አበዛች። ዝምታዋ ከክርክሩ ይልቅ ከበደን።

ነገሩን ያለዘበው የሴት አያቷ ቃል ነው። ቀድሞ ሙስሊም ነጋዴዎች ከአፋር ሜዳ የተቆረጠውን አሞሌ ጨው እስከ ጎጃም፣ እስከ ባሶ ገበያ ያደርሱ ነበር፤ አሞሌ በዚያ ዘመን ገንዘብም ነበረ። ያ ጨው የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶ የደረቀበት ቅሪት ነው። አያቷ «የእኛ ሰዎች ከዚያ አገር ጨው ሲነግዱ ኖረዋል፤ እሷ ዕውቀት ይዛ ብትመለስ ምኑ ነውር ነው? ብቻ ብቻዋን አትላኳት» አሉ።

እኛም እንዲህ አደረግን። በቡድኑ ውስጥ ሌሎች ሴት ተማሪዎችና ሴት መምህር መኖራቸውን አረጋገጥን። የመምህሩን ስልክ ተቀበልን፤ የሚያድሩበትን ቦታ፣ የውኃውንና የሐኪሙን ነገር ጠየቅን፤ በትህትና መለሱልን። በጅቡቲ መስመር መኪና የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ እስከ ሰመራ አብሯት ሊሄድና በአካባቢው ሊቆይ ተስማማ። ከዚያ «ሂጂ» አልናት። ስጋታችን ከነጭራሹ ጠፋ አንልም፤ ግን ፈቃዳችንን የሰጠነው በሙሉ ልብ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የማታውቁትን ትምህርት ሲመርጡ «ምን ይረባል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነገር ግን መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። የመስክ ጉዞ ሲኖርም በአንድ ቃል ከመከልከል ቀርባችሁ አጣሩ። እናንተ ወጣቶችም የተማራችሁትን ለቤተሰባችሁ ንገሩ፤ የሠፈራችሁን ምንጭ፣ ተዳፋትና አፈር በትምህርታችሁ ዓይን ተመልከቱ። በክፍል ውስጥ የተጻፈ ማስታወሻ የአንድ ሠፈር ሰው ሊያተርፍ ይችላል፤ እኛ አይተነዋል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።