ስድስት ታንክ ጥቁር

ሰሞኑን እኔ ጋ ብቅ ያለ ሁሉ ፕሪንተሯን አይቶ «ጋሼ፣ ቀለሞቿን ምን በላቸው?» ይለኛል። ባለ ስድስት ቀለም፣ እስከ ኤ3 የምታትም ባለ ታንክ ፕሪንተር ናት። አሁን ቢጫ የለ፣ ሰማያዊ የለ፣ ስድስቱም ታንክ ጥቁርና ግራጫ ነው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው አልኩ። ትንሽ ይረዝማል፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ መቼም ለምዳችሁታል።

ነገሩን ያስጀመሩት የሰፈራችን አንዲት እናት ናቸው። ወንድማቸው ወታደር ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ቀረ። ከእሱ የቀራቸው አንድ ጉርድ ፎቶ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እሱን በትልቁ አሳትመው፣ ፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። «እስቲ ና እየው፣ ፊቱ እየሄደብኝ ነው» አሉኝ። ሄድኩ። እውነታቸውን ነው። ጥላው ሮዝ ሆኗል፣ ግንባሩና ጉንጩ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከዚያ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሃል ዋናውን አወጡልኝ። ጥግ ጥጉ ተሸራርፏል እንጂ ዛሬም ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ነው።

እርግጥ ትንሹ በመጽሐፍ ውስጥ፣ በጨለማ ነው የኖረው፤ ትልቁ ደግሞ መስኮት ፊት ለፊት። ግን ፎቶ የሚሰቀለው ሊታይ አይደል እንዴ! ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። ትንሹ በጨለማ ክፍል የታተመ ስለሆነ ምስሉን የያዘው ብር ነው። ትልቁን የያዘው ዳይ ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደ ስኳር የሟሟ ቀለም። ብርሃንና አየር ይሰብሩታል። ደግሞ ሁሉም እኩል አይሰበርም፤ አንዱ ቀድሞ ሲሄድ የቀረው ፎቶውን ይወርሰዋል። ሮዙ የመጣው ከዚያ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ምን መሰላችሁ? ተራ ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲሰጡት ግራጫውን የሚሠራው በአብዛኛው ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ቀላቅሎ ነው። ስለዚህ ገና ትኩስ ሳለም መስኮት ጋ ሌላ፣ አምፖል ሥር ሌላ ይመስላል፤ አንዴ አረንጓዴ አንዴ ወይን ጠጅ ይላል። «በጥቁሩ ብቻ አትም» ብትሉት ደግሞ ቀላሉን ግራጫ ለማምጣት ጥቁር ነጠብጣቦችን አራርቆ ይበትናል፤ የሰው ጉንጭ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስላል። መፍትሔው ጥቁሩን አቅጥኖ በየደረጃው ማስቀመጥ ነው። ቀጭን ግራጫ ነጠብጣብ ተጠጋግቶ ቢያርፍም ዓይን አይለየውም።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ቨርሞንት ያለው ጆን ኮን ፒዬዞግራፊ ብሎ ለገበያ ካወጣው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፖል ሮርክ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ የካርቦን ቀለም እንዴት እንደሚቀጥን ቀመሩን ለማንም በነፃ አስቀምጧል። ካርቦን ማለት በአጭሩ ጥላሸት ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ የሚጽፉበት ጥቁር ቀለም መሠረቱም እሱው ነው። አንዴ የተቃጠለ ነገር ስለሆነ ብርሃን የሚሰብርለት ብዙም የለውም።

ፕሪንተሯን ያገኘኋት ያገለገለች፣ ለወራት ሳትሠራ የቆመች ሆና ነው። የኖዝል መፈተሻውን ሳትም ከግማሽ በላይ መስመሩ የለም፤ ሄዱ ላይ ቀለም ደርቋል። እዚህ ላይ ሰው የሚያደርገው ከኮምፒውተሩ «ክሊኒንግ» ደጋግሞ ማዘዝ ነው። ደረቅ ቀለም በዚያ አይለቅም፤ ቀለማችሁ ያልቃል፣ የፍሳሽ ስፖንጁም ይሞላል። እኔ የተጣራ ውሃ፣ ያው ለባትሪ የሚሸጠውን፣ ለብ አድርጌ፣ እጥፍጥፍ ለስላሳ ወረቀት ነክሬ ሄዱ ሥር አስገብቼ አሳደርኩት። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ስድስት ባለቀለም መስመር አገኘሁ። ከዚያ ከፋርማሲ የተገዛ ሲሪንጅ ላይ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ሰክቼ ከላይ በኩል ጠብ፣ ጠብ። በኃይል መግፋት የለም፤ የፒዬዞ ሄድ ውስጡ ስስ ነው፣ ከተሰበረ ተሰበረ። አራት ቀን ፈጀብኝ። በአምስተኛው ቀን መስመሩ አንድም ሳይጎድል ወጣ።

ቀለሙን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣ አመጣችልኝ። አንዱ ታንክ ውስጥ እንዳለ ገባ። ቀሪዎቹን በተጣራ ውሃና በግሊሰሪን፣ ወረቀት ላይ በደንብ እንዲዘረጋ የሚያደርግ ጠብታ ጨምሬ፣ አቀጠንኳቸው፤ የመጨረሻው ካርቦኑ 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ የታጠበ ጀበና ውሃ ይመስላል። የሰው ግንባር ላይ ያለውን ብርሃን የሚይዘው ግን እሱ ነው።

የፕሪንተሯ የራሷ ሶፍትዌር አሁንም ቢጫ ያላት ይመስለዋል። ስለዚህ የሮይ ሃሪንግተንን ኳድቶን ሪፕ ነው የምጠቀመው፤ የትኛው ታንክ በየትኛው ግራጫ ላይ ስንት እንደሚረጭ እኔ እነግረዋለሁ። ከነጭ እስከ ጥቁር 21 ደረጃ አትማለሁ፣ ሲደርቅ ስካን አደርጋለሁ፣ ቁጥሩን መልሼ እሰጠዋለሁ፣ ያስተካክላል። አሰልቺ ነው፤ ደግሞ አቋራጭ የለውም።

የወታደሩን ፎቶ አንጸባራቂ ባልሆነ የጥጥ ወረቀት ላይ አተምኩት። ካርቦን ብቻውን ሲሆን ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ቡናማ ነገር፤ እኔ እወደዋለሁ። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩት በኋላ ጣታቸውን ከቅንድቡ በላይ አሳርፈው «ይቺን በቅሎ ናት የረገጠችው፣ ልጅ ሆኖ» አሉ። ጠባሳ ነው። ስካን ሳደርገው አይቼዋለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር። ሳሎን ከነበረው ላይ ከነጭራሹ አልነበረም። ለእህቶቻቸው ልጆች ሦስት ጨምርልኝ ብለውኛል።

ልትሞክሩ ለምታስቡ፦ ቀለሙ ይዘቅጣል፣ ጠርሙሱን ሳትነቀንቁ አትቅዱ። በሳምንት አንዴ ቢያንስ የኖዝል መፈተሻ አትሙ። ፕሪንተሩን ከሶኬት አታጥፉ፣ በራሱ ቁልፍ ብቻ፤ ያኔ ነው ሄዱ ወደ ማረፊያው ሄዶ የሚከደነው። መብራት ድንገት ሲሄድ መሃል መንገድ ላይ ሳይከደን ይቀርና ይደርቃል። ለዚህ ብዬ ትንሽ ዩፒኤስ ገዝቻለሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም ፕሪንተሬ ጨርሳ፣ ተከድና ትተኛለች።

የቆዩ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት አምጡ፣ ዋናውን እዚሁ እያያችሁ ስካን አድርጌ እመልስላችኋለሁ። የሠርግ ባለቀለም ግን ወደ ሌላ ቤት ውሰዱ፤ እኔ ጋ ሙሽራዋም ኬኩም ጥላሸት ነው የሚሆኑት።