ኮሌታ ማስገልበጥ

ልጅ ሳለሁ የአባቴ ሸሚዝ ኮሌታ ሲሳሳ ልብስ ሰፊ ጋ የምላከው እኔ ነበርኩ። ሰውዬው ስፌቱን በምላጭ ይፈታል፤ ኮሌታውን ይገለብጥና ያልተነካውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ መልሶ ይሰፋዋል። ጀርባው ደህና፣ እጅጌው ደህና። የሚያልቀው አንገት የሚያሸው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ሰሞኑን ስለ ሀብል ቴሌስኮፕ ሳነብ ያ ኮሌታ ትዝ አለኝ። ሀብል ላይ ኮስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ የአልትራቫዮሌት ብርሃንን በትኖ የሚያነብ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ጠፈርተኞች ወጥተው የገጠሙት። (የዚህን ብርሃን አብዛኛውን የምድር አየር ስለሚያስቀረው እታች ሆኖ ማየት አይታሰብም።) የብርሃኑን አጭር ሞገዶች የሚቀበሉት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሳህኖች ናቸው፤ ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች የተበሳሱ። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ስታርፍ አንድ ኤሌክትሮን ትነቅላለች። እሱ የቀዳዳውን ግድግዳ እየገጨ ሌሎችን ያስነሳል፣ እነሱም ሌሎችን፤ በወዲያኛው ጫፍ ሚሊዮኖች ሆነው ይፈስሳሉ።

ታዲያ ሳህኑ የሰጠውን ያህል ይደክማል። ብርሃን የበዛበት ቦታ ጎርፉ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ይታወራል። ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የደከመ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እንደ ማስጣት ነው፣ ለጊዜው ይናገራል። ሄዶ መቀየርማ የለም። ከ2009 ወዲህ ሀብልን ሊጠግን የወጣ ሰው የለም፤ ጠፈርተኞቹን ያደርሱ የነበሩት የጠፈር ሹትሎችም በ2011 ጡረታ ወጥተዋል።

ስለዚህ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ሆነው የሀብልን ሥራ የሚመሩት ባለሙያዎች ኮሌታውን ገለበጡት። ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቀጭን መስመር በ2012 ወዳልተነካ ቦታ ፈቀቅ አደረጉት፤ በ2015 እንደገና፣ በ2017፣ በ2021ም። የሳህኑ ወርድ ግን 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስንት ጊዜ ፈቀቅ ይባላል?

እኔን ያስገረመኝ ግን አዳካሚው ነው። ቢሊዮን ዓመታት ተጉዞ የመጣው የኳሳር፣ የሩቅ ጋላክሲ ደማቅ እምብርት፣ ብርሃን ጠብ ጠብ የሚል ነገር ነው፤ ያን ያህል አይጎዳም። ዋናው ጥፋተኛ ምድርን የከበበው ሃይድሮጅን ነው። የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ በ121.6 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት መልሶ ይረጨዋል፤ ሀብል የሚዞረው እዚያው ውስጥ ስለሆነ፣ ወደየትም ቢያይ ይህ ብርሃን አይቀርለትም፤ መሣሪያው በአንድ አቀማመጥ እስካለ ድረስም ሁልጊዜ ያችኑ ቦታ ይመታል። የአባቴን ኮሌታ የጨረሰው የገዛ አንገቱ ላብ አልነበር? ከ2017 ጀምሮ ይህ ብርሃን በጥቂት ቦታዎች ብቻ እንዲያርፍ ደንብ ወጣ፤ አንዳንዴም የሚያርፍበትን ሳህን ጨርሶ ያጠፉታል።

ፈቀቅ ማለቱም ዋጋ አለው። አዲሱ መስመር መሣሪያው መጀመሪያ ከተስተካከለበት ቦታ ሲርቅ ምስሉ ጥቂት ይደበዝዛል። የተገለበጠ ኮሌታም እንደ ፊቱ አይተኛም፤ አባቴ መስታወት ፊት ቆሞ በጣቱ ሲጫነው አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ያንኑ ሸሚዝ ለሁለተኛ ጊዜ ይዤ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ከኮሌታው ስር በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ሸሚዙን አጣጥፎ መለሰልኝ።

«ይሄማ ተገልብጧል በላቸው።»