ባሕር ዳርቻ፣ ጭሮ

ዛሬ ከሰዓት አንድ የጭሮ አባት የልጁን ደብተር ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ ላከ። የአምስተኛ ክፍል የአማርኛ የቤት ሥራ ነው። ርዕሱ «በባሕር ዳርቻ ያሳለፍኩት አስደሳች ቀን» ይላል። ከሥሩ የልጁ ሦስት መስመር፣ ከመስመሮቹ ሥር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ከርዕስ ውጭ»። አራት ከአሥር።

ጭሮ ከባሕር ጋር ያላት ዝምድና «ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ» የሚለው ብቻ ነው። ርዕሱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ስልኩ ላይ «ለልጆች የሚሆን የድርሰት ርዕስ» ብሎ የፈለገ ሰው የሚደርሰው ዝርዝር ያው ነው፤ የባሕር ዳርቻው አለ፣ ከበረዶ የሚሠራው ሰው አለ፣ ለገና አባት የሚጻፈው ደብዳቤ አለ። መምህሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቸኩሎ ነው።

የልጁ ሦስት መስመር ግን ቀልድ አይደለም። ባሕር አይቶ አያውቅም። አጎቱ በጅቡቲ በኩል ተሻግሯል። ከዚያ ወዲህ እናቱ ስለ ባሕር ሲወራ አትወድም። በቃ፣ ይኸው ነው። ከምዕራብ ሐረርጌ ተነስቶ በኦቦክ አድርጎ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ የሚያደርሰውን መንገድ ስንቱ ቤት በስም ጠርቶ ያውቀዋል። ልጁ ስለ ባሕር ጠየቁት፣ ስለ ባሕር የሚያውቀውን ጻፈ። ከየትኛው ርዕስ ነው የወጣው?

«አቦ፣ ይሄ ልጅ ጋዜጠኛ ነው!» አለ አንዱ ጓደኛ። ሌላው፣ እሱ ራሱ አስተማሪ ነው፣ «እስቲ ሰባ ደብተር አርማችሁ እዩት» ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ጨዋታው ወደ እንግሊዝኛ ድርሰቷ ላም ዞረ። ላሟን የማያውቃት የለም። «ካው ኢዝ ኤ ዶሜስቲክ አኒማል።» አራት እግር አላት፣ ሁለት ቀንድ አላት፣ ወተት ትሰጠናለች፣ ቆዳዋ ጫማ ይሆናል። በዶባ፣ በቦኬ፣ በመቻራ ስንት ልጅ ጠዋት ከብት ሲያግድ አርፍዶ ከሰዓት ክፍል ገብቶ ላም አራት እግር እንዳላት ጽፏል! ያ ልጅ የትኛዋ ስትታለብ እንደምትራገጥ፣ የትኛዋ የጎረቤት ማሽላ ውስጥ ሾልካ እንደምትገባ፣ የትኛዋ ጥጃዋ ከሞተ ወዲህ ወተት እንደነሳች ያውቃል። ማንም አልጠየቀውም። የመጽሐፉን ላም በቃሉ አጥንቶ ከጻፈ አሥር ከአሥር ነው። የእናቱን ላም ከጻፈ «ስሟን ማን ጠየቀህ?» ይባላል።

ጣጣው ደግሞ ከላይ የሚወርድ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው። ልጁ ዕድሜውን የሚወስነውን ፈተና አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ መልስ መርጦ ያስረክባል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው የተሰማ ጊዜ አገር ጉድ አለ። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ክፍል ውስጥ ለምን ይለፋበታል? ድርሰት የአርብ ከሰዓት ማሳለፊያ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

የሚያንገበግበው ይህ የሚሆንባት ከተማ የማን ከተማ እንደሆነች ሲታሰብ ነው። ጭሮን፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ጄኔቫ ላይ ለአገራቸው የተሟገቱት። እኚህ ሰው ነገሥታቱን የሚያማክሩ ብቻ አልነበሩም፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴአትር ተብሎ የሚጠቀሰውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የጻፉም ናቸው። የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው አውሬዎቹን አማርኛ አናገሯቸው። አውሬዎቹም አፍ ሲያወጡ ሹማምንቱን መንካት ጀመሩ። ቴአትሩ ታገደ።

እንስሳ ማናገር የሕፃናት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ካለ ለመኳንንቱ ይንገራቸው።

ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል ልጅ እንግዲህ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ፍየል ጫት ተራ ገብታ ዙርባ ስትፈታ እጅ ከፍንጅ ተያዘች እንበል። ገራባ መስሎኝ ነው ትላለች? ዳኛው ማነው፣ ምስክሩስ? ጣሊያናዊው የልጆች ደራሲ ጂያኒ ሮዳሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ ሌላ መላ አስተምሯል፤ የማይገናኙ ሁለት ቃላት ለልጁ ሰጥቶ ማጋጨት። የእሱ ምሳሌ ውሻና ቁም ሳጥን ነበር። ለሚኤሶ ልጅ ግመልና ባጃጅ ይበቃዋል።

ከዚያ በታች ላሉት ግን መጠንቀቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳቃታቸው አሳይቷል። ፊደል ገና ያልያዘ ልጅ ድርሰት ጻፍ ቢባል ያለቅሳል እንጂ አይጽፍም። እሱ ይሣል፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ አፉን በፈታበት ያውራ፣ መምህሩ የተናገረውን እንዳለ ከሥዕሉ ሥር ይጻፍለት። ትንሽ ሲጎረምስ «የራስህ ባጃጅ ቢኖርህ ከኋላው ምን ታጽፍበታለህ?» ይባል። አንድ መስመር ነው። ከጭሮ መነኸሪያ እስከ ቤቱ ሲያነብ የሚሄደው ይህንኑ ስለሆነ ናሙና አይቸግረውም።

አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ሆጃ ያፍላ፤ በወረቀት ላይ ማለት ነው። ሆጃ ቀምሶ ለማያውቅ የጎጃም ልጅ ከቡናው ገለባ እስከ ወተቱ ያስረዳ። ቀላል ይመስላል። ግን እናቱን ሳይጠይቅ አይሆንለትም፣ እናቱና አክስቱ ደግሞ ጨው ወይስ ስኳር በሚለው ላይ አይስማሙም። እዚያ ጠብ ውስጥ ነው ጽሑፉ ያለው።

ለሰባተኛና ስምንተኛ የሩሲያዊው ደራሲ የቶልስቶይ መንገድ አለ። ያስናያ ፖሊያና መንደር ውስጥ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲያስተምር፣ በማንኪያ እያጎረሰ በእጀታው ዓይን ስለሚወጋ ሰው የሚናገር ተረትና ምሳሌ ሰጥቶ በዚህ ላይ ጻፉ አላቸው። ልጆቹ አንተ ራስህ ጻፈው አሉት። ጀመረ። ትከሻው ላይ ተደግፈው እያነበቡ «እንዲህ አይደለም» ይሉት ገቡ፣ የእነሱ እርማት ከእሱ ጽሑፍ በለጠ። ቶልስቶይ ተደንቆ ከማን መማር ያለበት ማን ነው ብሎ ጽፏል። እኛ ደግሞ በምሳሌያዊ አነጋገር የማንታማ ሰዎች ነን፤ በሁለት ቋንቋ።

ትልልቆቹ ከግቢ ይውጡ። ሚኤሶና አሰቦት የድሮው ባቡር ጣቢያ ነበራቸው። ባቡሩ ሲደርስ ወደ መስኮቱ እየሮጡ ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ምን ይሸጡ ነበር፣ ባቡሩ ሲቀርስ ወዴት ገቡ? ይህን መምህሩ አያውቅም፣ መጽሐፉ ውስጥም የለም፣ ልጁ ብቻ አያቱ ዘንድ ሄዶ ሊያመጣው ይችላል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ ሰባ ደብተር ነውና። የአንዷን ስም ይጻፍ፣ የሸጠችውን ይጻፍ። ዕድሜዋን ከዋሸችውም እንደዋሸች ይጻፍ።